የባዶ ምድጃ እሳት

በዚያ ክረምት እናቴ ከእግዚአብሔር ጋር የተኳረፈች መስሎኝ ነበር።

ልጅ ብሆንም ይህን ያሰብኩት ዝም ብዬ ከመሬት ተነስቼ አልነበረም። ድሮ ራት በልተን ሳህኖቹ ከተነሱ በኋላ ጠረጴዛውን ከበን እንጸልይ ነበር። አባቴ ቶሎ ይጨርሳል፤ ሲነጋ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚነሳ ጋጋሪ ስለሆነ እንቅልፉ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው አሜን እስኪል ድረስ ብቻ ነው። እናቴ ግን ረጋ ብላ ነበር የምትጸልየው። የጎረቤቱን ሰው በየተራ እያነሳች፣ የታመመውን፣ መንገድ የሄደውን፣ ከሚስቱ ጋር ያልተስማማውን ሳይቀር ለአምላኳ ታስታውሳለች። እኔ መሃል ላይ ጭኗን ተንተርሼ እንቅልፍ ይወስደኛል። አባቴ ታሞ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ግን ይህ ሁሉ ቀረ። እናቴ ከጠረጴዛው ጫፍ ትቀመጥና ከንፈሯን ገጥማ ዝም ትላለች። ጠብቀናት ጠብቀናት ሲያቅተን አክስቴ ጉሮሮዋን ጠርጋ ትጀምራለች።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነበር። ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል። ማለዳ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም። ስትጸልይ ድምፅዋ ግድግዳውን አልፎ አናጢው ጎረቤታችን ቤት ይገባ ነበር። ጉልበቷን ታነሳለች፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ ታነሳለች፣ የወንድሟን ሳንባ ታነሳለች፣ ከዚያ ዞራ ወደ ጉልበቷ ትመለሳለች። «እኔ ምን በደልኩህ? እስቲ ንገረኝ፣ ምን በደልኩህ?» ትለውና መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ቀና ብላ ጣሪያውን ታያለች። ጣሪያውም አንድ ጠብታ ግንባሯ ላይ ጠብ ያደርግላታል።

አናጢው አንድ ጠዋት ደጃፉ ላይ ሲያገኛት፣ «እትዬ፣ ትናንት ሲጸልዩ እኔም ከወዲያ ሆኜ አሜን ብያለሁ። ጉልበትዎ እንዴት አደረ?» አላት። ቀልዱ አልገባትም። የጉልበቷን ነገር ከመነሻው ጀምራ ስትተርክለት መጋዙን እንደያዘ ረፈደበት።

እናም በእኔ የልጅ ሚዛን እምነት ያላት አክስቴ ነበረች። ድምፅዋ ይሰማል፣ እንባዋ ይታያል። እናቴ ግን ዝም ብላለች። ሰው ዝም የሚለው ሲቀየም ነው፤ እኔም ስቀየም ዝም እል ነበር።

ቤታችን ዳቦ ቤት ነው። ፊት ለፊት ወደ መንገዱ የመሸጫ መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ጀርባ ሊጥ የሚቦካበት ክፍል፣ ከዚያ ኋላ ደግሞ ምድጃው። ምድጃውን ከሸክላ የገነባው አያቴ ነው። ከውጭ ሲያዩት በኖራ የተለሰነ ትልቅ ጉብታ ነው፤ ውስጡ እንደ ተደፋ ድስት ክብ ነው። አፉ ግን ሙቀቱ እንዳያመልጥ ተብሎ ጠባብ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ዳቦው የሚገባውም የሚወጣውም ረጅም እጀታ ባለው የእንጨት አካፋ ነው። አባቴ፣ «ይሄ ምድጃ ቀኑን ሙሉ ይበላል፣ አንድ ቃል ግን አይወጣውም። ከእህቴ ጋር አንድ ቤት ያደጉ አይመስሉም» ይል ነበር።

አባቴን የጣለው ዱቄት ነው። ሐኪሙ የዱቄቱ ብናኝ ለዓመታት ሳንባው ውስጥ ሲከማች ኖሯል ብሎ ነገረን፤ ሌላ ከተማ ያለ ሆስፒታል አስተኙት። እናቴ መጋገሩን ታውቅበታለች፤ ሥራው በእሱ መታመም ብቻ ባልቆመ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት እህሉ ሳያፈራ ቀረ፣ ወፍጮው ቆመ፣ ዱቄት ጠፋ። የመሸጫውን መስኮት ዘጋነው። የሊጡ ገንዳ ተገልብጦ አክስቴ እግሯን የምታሳርፍበት ሆነ።

እንዲህም ሆኖ እናቴ ጠዋት ጠዋት ምድጃውን ታነድ ነበር።

ባዶውን። የሚጋገር ሳይኖር። አናጢው የሥራውን ቁርጥራጭና ፍቅፋቂ በጆንያ እያደረገ በር ላይ ያስቀምጥላታል፤ እሷ ከዚያ ላይ ጥቂት ዘግና ትንሽ እሳት ታቀጣጥላለች። ከዚያ ተንበርክካ የብረቱን መዝጊያ ትከፍትና ጭንቅላቷን ወደ ምድጃው አፍ አስጠግታ ረጅም ጊዜ ትቆያለች። እኔ ከሊጡ ክፍል በር ላይ ሆኜ ጀርባዋን አያለሁ። እፍ የምትል ይመስለኛል፤ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ስትነሳ ዓይኗ ቀልቷል። አንድ ቀን ምን እንደሆነች ስጠይቃት፣ «ጭሱ ነው» አለችኝና በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

አክስቴ ይህ ነገር አልጣማትም። የአናጢው እንጨት ለሻይ እንኳ ቢውል ምን አለ እያለች ታጉረመርማለች። አንድ ቀን እናቴን ፊት ለፊት ጠየቀቻት፤ እኔ ከገንዳው ጀርባ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር።

«እሱ እስኪመለስ ይህች እሳት መጥፋት የለባትም» አለች እናቴ።

«ብትጠፋስ ምን ይመጣል?»

«ከጠፋች አበቃልን፣ እትዬ።»

አክስቴ ከዚህ በኋላ በቀጥታ ወደ አናጢው ሄዳ፣ «የወንድሜ ሚስት እግዜርን ትታ እሳት ማምለክ ጀመረች» አለችው። አናጢው ምን እንደመለሰላት አልሰማሁም፤ የሰማሁት ይበቃኝ ነበር። በልቤ ሁሉን ነገር ገጣጠምኩት። እናቴ ከእግዚአብሔር ተኳርፋለች። አባቴን እንዲጠብቅላት ለእሱ መንገር ትታ ለእሳቱ አደራ ሰጥታዋለች። እሳቱ የአባቴ ነፍስ ነው። እሳቱ ካለ አባቴ አለ።

ዛሬ ምድጃው በእኔ እጅ ነው፤ ስለዚህ ያኔ ያልገባኝን ማንም ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ። ሸክላ በክረምት ውሃ ይጠጣል። ከላዩ ጣሪያው ሲያፈስ ደግሞ ይብሳል። በየቀኑ ትንሽ ሙቀት ካገኘ የጠጣውን ይተፋል። ከቀዘቀዘና ከራሰ በኋላ ድንገት ትልቅ እሳት ቢለቀቅበት ግን ውስጡ ያለው ውሃ መውጫ አጥቶ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። አያቴ ሞቷል፤ እንዲያ ያለ ጉልላት መሥራት የሚችል ሰው በአካባቢው አልቀረም። አባቴ ድኖ ቢመለስ፣ ዱቄትም ቢገኝ፣ ምድጃው ከሌለ የምንኖርበት ነገር የለንም ማለት ነው። እናቴ እግዚአብሔር እንደማይተዋት የተናገረውን ቃል አምና፣ ያ ቃል ሲመጣ የሚያርፍበትን ቦታ ታሞቅ ነበር። ይህን ግን ለልጅ ማን ያስረዳል? ለአክስቴም ማስረዳት አልተቻለም።

አንድ ቀን እናቴ አባቴን ልትጠይቅ ተነሳች። ፌስታሏን አዘጋጅታ፣ ሻርፗን አስራ፣ አክስቴን ወደ ምድጃው ወሰደቻትና ጥቂት እንጨት ለክታ አሳየቻት። «ጠዋት ጠዋት ይህን ያህል ብቻ፣ እትዬ። እንዳይበዛም፣ እንዳይጠፋም።»

«እሺ፣ እሺ። ዛሬ ደግሞ እሳት ማንደድ ልታስተምሪኝ ነው?»

እናቴ ጉንጬን ስማኝ አውቶቡስ ልትይዝ ሄደች። በማግስቱ ልትመለስ ነበር። ነገር ግን ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው፤ አውቶቡስ መውጣትም መግባትም አቆመ።

ያን ሰሞን ሳል ያዘኝ። ከባድ አልነበረም፤ ክፍላችን ስለራሰ ነው። አክስቴ ግን በእኔ ሳል ውስጥ የወንድሟን ሳል ሰማች። አጠገቤ ቁጭ ብላ ደረቴን ስታሽልኝ ታድር ነበር። ማንደጃውን አልጋዬ አጠገብ አመጣችና የአናጢውን እንጨት ትማግድበት ጀመር። «ባዶ ሸክላ ከማሞቅ ሰው ማሞቅ አይሻልም?» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለእግዚአብሔር ግልጽ አልነበረም። ክፍሉ ሞቀ፣ ልብሴ ደረቀ፣ ሳሌም ቀለል አለ። ምድጃው ግን አልተነደደም።

እኔ በየጠዋቱ ተነስቼ መዳፌን በምድጃው ጎን ላይ አሳርፋለሁ። መጀመሪያ እንደተኛ ከብት ሆድ ለብ ያለ ነበር። ቀጥሎ ምግብ እንደተነሳበት ሳህን ሆነ። ከዚያ ድንጋይ ሆነ። ጣሪያው በዚያ በኩል ያፈስ ስለነበር በጎኑ ላይ የውሃ መስመር ወርዶ ኖራውን አጥቁሮት ነበር። አባቴ እየበረደ ነው ብዬ አሰብኩ። ለአክስቴ ብነግራት ጮኻ ስለምትጸልይ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል ብዬ ፈራሁ። ዝም አልኩ።

ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን አናጢው በመስኮቱ ብቅ አለና መንገዱ መከፈቱን፣ አውቶቡሱም ከሰዓት በኋላ እንደሚገባ ነገረን። አክስቴ ያን ጊዜ ነው የደነገጠችው። እየሮጠች ወደ ምድጃው ሄደች፤ ጉልበቷ ትዝ አላላትም። በጆንያው የቀረውን እንጨት በሙሉ አስገባች። አልበቃ ሲላት እግሩ የተሰበረውን ወንበር ጨመረች። እሳቱ ተቀጣጠለ፤ እንደ ንፋስ ያጓራ ጀመር። «ይኸው» አለች ላቧን እየጠረገች። «ስትመጣ ሞቆ ታገኘዋለች። የጎደለ ነገር አታይም።»

ድምፁ ወዲያው አልመጣም። ሳር ላይ የተቀመጠ ሰው ደረቅ ጭራሮ ጉልበቱ ላይ እንደሚሰብር ያለ ድምፅ ነበር፤ አንዴ፣ ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ሌላ። ኖራው ላይ ከጉልላቱ አናት ተነስቶ ወደ አፉ የሚወርድ መስመር ታየ፤ በመስመሩም ቀጭን ጭስ ይወጣ ጀመር።

አክስቴ ተገልብጦ የተቀመጠው ገንዳ ላይ ዘጭ አለች። አፏ ተከፍቷል፤ ቃል ግን አልወጣም። ሬዲዮው ሲጠፋ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እኔ ደግሞ አባቴ መሞቱን አወቅሁ።

እናቴ ስትገባ ሻርፗ ርሶ ከጭንቅላቷ ጋር ተጣብቆ፣ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጭቃ ተለውሶ ነበር። አክስቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ወንድሟ እንዴት እንደሆነ ጠየቀቻት። «ያው ነው፣ አልተነሳም» አለች እናቴ። ይህን እያለች ዓይኗ ጭሱን አገኘው። ፌስታሏን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። ሄዳ መዳፏን በስንጥቁ ላይ አሳርፋ ቆመች።

አክስቴ ያን ጊዜ ተለቀቀች። ለልጅቷ ብላ እንዳደረገችው፣ ልጅቷ እንደ አባቷ ስትስል መስማት እንዳልቻለች፣ ሰው ለበጎ ብሎ ያደረገው ሁሉ ለምን ወደ ክፉ እንደሚዞርበት፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። በመጨረሻም፣ «ረስቶናል! በቃ፣ ይሄ አምላክ እኛን ረስቶናል!» አለች።

እናቴ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እንዲያውም እንድትቆጣ ፈልጌ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን ይገባኝ ነበር። እሷ ግን መጥታ ገንዳው ላይ ከአክስቴ ጎን ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት።

«አልረሳንም፣ እትዬ። እንዲህ አይበሉ፤ ልጅቷ ትሰማለች።»

ከዚያ ተነስታ የሚነደውን በመጫሪያው አወጣች፣ ምድጃው በራሱ ጊዜ እንዲበርድ መዝጊያውን ዘጋችው። ስለ አባቴ አልጠየቅኋትም። አልተነሳም ብላለች፤ ሰው አልተነሳም ማለት ምን እንደሆነ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ያኔ የሞተብን ሰው ቢኖር ኖሮ ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር ያወቅሁት አድጌ፣ ቤታችን እውነተኛ ሐዘን ሲገባ ነው።

ምድጃው ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ጠበቅን። ከዚያ አናጢው ባትሪ ይዞ መጣና ጭንቅላቱን በምድጃው አፍ አስገባ። ትከሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። ስንጥቁ ከውጭ ከሚታየው እንደማይበልጥ፣ ነገር ግን የሚደፈነው ከውስጥ እንደሆነ ተናገረና ወደ ኋላ ተሳበ። «እኔ እንደምንም ከገባሁ የምወጣው ተጋግሬ ነው» አለ። እናቴም ሞከረች፤ አልሆነም። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

አባቴ «ፍርፋሪ» ነበር የሚለኝ። ትንሽ ስለሆንኩ ነው፤ ከዳቦ የወደቅሽ ነሽ ይለኛል። እናቴ በዚህ ስም ጠርታኝ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ከፊቴ ተንበረከከችና፣ «ፍርፋሪ፣ ትገቢያለሽ?» አለችኝ።

አክስቴ አይሆንም ብላ ተነሳች። ልጅ ምድጃ ውስጥ ይገባል እንዴ እያለች ወገቤን ያዘችኝ። እኔ ግን ገና ሳልጠየቅ ወስኜ ነበር። እሳቱ የአባቴ ነፍስ ከሆነ፣ ምድጃው ሲጠገን እሱም ይጠገናል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አልነበረም።

እናቴ ሸክላ አፈር በአመድ ለወሰች፣ ያረጀ ጡብ ወቅጣ ጨመረችበት፣ ጣቷ መሃል እየፈተገች ልክነቱን አየች። አሮጌ ሻርፕ ጭንቅላቴ ላይ አሰረችልኝ። በሆዴ ተኝቼ በአፉ ገባሁ።

ውስጡ ጨለማ ነበር፤ ሽታው ግን የማውቀው ነው። የዳቦ ሽታ፣ እኔ ሳልወለድ የተጋገረ ዳቦ ሁሉ ሽታው እዚያ የቀረ ይመስላል። ባትሪውን ሳበራ ጣሪያው ከላዬ ክብ ሆኖ ታየኝ፤ ሸክላዎቹ ጎን ለጎን ተደጋግፈው ቆመዋል፣ አንዳቸውንም የሚይዝ ነገር የለም፤ እርስ በርስ ነው የተያያዙት። የዝናቡ ድምፅ ጠፋ። የራሴን ትንፋሽ ብቻ እሰማ ነበር። እናቴ በእንጨቱ አካፋ ላይ ጭቃውን በሳህን አድርጋ አስገባችልኝ። መጀመሪያ ስንጥቁን በረጠበ ጨርቅ እንዳጠጣው፣ ከዚያ ጭቃውን በአውራ ጣቴ እስከ ጥልቁ እንድገፋው፣ እንዳልቸኩል ነገረችኝ። እሷ እንዳለችኝ አደረግሁ። ጥቂት ቆይታ ማውራቷን ተወች።

ጉልላት ድምፅ ይሰበስባል። ይህን እሷ የምታውቅ አይመስለኝም፤ ውስጥ ገብታ አታውቅም። አፉ ላይ የተንሾካሾኩት ነገር ከወዲያኛው ግድግዳ ዞሮ ልክ ጆሮ ስር እንደተነገረ ይደርሳል። እናቴ ከውጭ፣ ጠዋት ጠዋት በምትንበረከክበት ቦታ፣ በለሆሳስ ትናገር ነበር።

«ዛሬም መጥቻለሁ» አለች። «ከትናንት የተለየ የምነግርህ የለኝም። አልጥልሽም ብለሃል፣ ሰምቻለሁ። እሱንም አትጥለውም። ልጄ ውስጥ ናት፤ አንተም እዚያ ነህ። እኔ አልገባ ብሎኛል፣ አንተ ግን ትገባለህ።»

ከዚያ አለቀሰች። ድምፅ የሌለው፣ ትንፋሽ ብቻ የሆነ ልቅሶ ነበር። ትከሻዋ እንዴት ከፍ ዝቅ እንደሚል ሳላየው አየሁት፤ ጠዋት ጠዋት ከበር ላይ ሆኜ የማየው ያ ነበር። እፍ ስትል የሚመስለኝ ያ ነበር።

እጄ ጭቃው ላይ ቆመ። ተኳርፈው አያውቁም ማለት ነው። ለካ በየጠዋቱ ሲነጋገሩ ኖረዋል።

ብዙ ዓመት አልፎ፣ እናቴ አርጅታ፣ ያን ክረምት ለምን ጠረጴዛው ላይ ዝም ትይ ነበር ብዬ ጠየቅኋት። «አፌን ብከፍት እሮሮ ብቻ ነበር የሚወጣው» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሻል። ልጄ ስለ እግዚአብሔር የምትሰማው የእኔን እሮሮ እንዲሆን አልፈለግሁም። ማልቀሱን ለብቻዬ፣ ለራሱ አለቀስኩት።» ይህን ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ወደ ምድጃው ልመለስ። ስንጥቁ ወደ ኋላኛው ግድግዳ ሲቃረብ ቀጠነና ጠፋ። እዚያው አጠገብ ሌላ መስመር ነበር፤ ሰፊ፣ ግን የተደፈነ፣ ጭቃው ከሸክላው ጋር አብሮ በስሎ የጠነከረ። በመስመሩ መጨረሻ ላይ እጅ ነበር። የእጅ አሻራ፤ አምስቱም ጣት ተዘርግቶ፣ ጭቃው እርጥብ ሳለ የታተመ። ባትሪውን አስጠጋሁ። ትንሽ እጅ ነው። የእኔን መዳፍ ላዩ ላይ ሳሳርፈው ጣት በጣት ገጠመ።

«እማዬ፣ እዚህ እጅ አለ።»

«የምን እጅ?»

«የሰው። እንደ እኔ ትንሽ ነው። አጠገቡ የተደፈነ ስንጥቅ አለ፤ ከኛው ይሰፋል።»

እናቴ ሳቀች። አባቴ ከታመመ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ሳቁ በጉልላቱ ውስጥ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ደረሰ። አክስቴ ምን ሆናችሁ እያለች ስትጠይቅ ይሰማኛል። እናቴ ድምፅዋን አስተካክላ፣ «በይ እንግዲያው ደፍነሽ ስትጨርሺ አንቺም እጅሽን አጠገቡ አሳርፊ» አለችኝ። የቀረውን ጭቃ ለጥፌ ጫን አድርጌ አተምኩት። ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር።

እግሬን ይዘው ሲጎትቱኝ ከላይ እስከ ታች ጥቀርሻ ለብሼ ነበር፤ አናጢው የወጣው ዳቦ አርሯል አለ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እናቴ ፊቴን ስትጠርግልኝ፣ «አሁን አባዬ ይሞቀዋል?» አልኳት።

እጇ ቆመ። ምን ማለቴ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ከአፌ ወጣ። እሳቱ፣ የበረደው ግድግዳ፣ የተሰነጠቀው፣ አልተነሳም ያለችው። አክስቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እናቴ ጥቀርሻዬን ሳትጸየፍ እቅፍ አደረገችኝ።

«አባትሽ አለ። ገና ከአልጋ አልተነሳም ማለቴ ነው እንጂ አለ፤ እንዲያውም ሾርባውን ጨርሶ ጠጥቷል። ነፍሱ እሳት ውስጥ አይደለችም፣ ልጄ። ያለችው በእግዚአብሔር እጅ ነው።»

እኔም ይህን እንደሰማሁ አመንኩ፤ ምክንያቱም እጁን ገና አሁን አይቼ መውጣቴ ነው። የገረመኝ ልኩ ብቻ ነበር። የእግዚአብሔር እጅ የእኔን ያህል ትሆናለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጭቃው በራሱ ደረቀ። ከዚያ እናቴ በአንድ እፍኝ ፍቅፋቂ ጀመረች። በማግስቱ ትንሽ ጨመረች፣ ከዚያም ትንሽ። እሳቱን የምትጠብቀው አክስቴ ሆነች፤ ማንም አላዘዛትም። ገንዳዋ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን ቁርጥራጭ እንደ መድኃኒት ለክታ ታስገባለች። ማታ ስትጸልይ አሁንም ጉልበቷን አልተወችም፤ ሰው በአንድ ክረምት አይለወጥም። ግን ስትጨርስ ትንፋሽ ትወስድና፣ «ያው አንተ ታውቃለህ» ትል ጀመር። ያንን ስትል ድምፅዋ ዝቅ ይላል። አናጢው ከግድግዳው ወዲያ መስማት አቃተኝ ብሎ ቅሬታ አቀረበ።

ክረምቱ አልፎ፣ ሌላ እህል ደርሶ፣ ወፍጮው ማጓራት ሲጀምር አባቴ መጣ። ከስቶ፣ ካፖርቱ ሰፍቶት፣ በየእርምጃው እያረፈ። ከዚያ በኋላ ሊጥ ሊያቦካ አልቻለም፤ ዱቄቱ ባለበት ክፍል መግባት ተከለከለ። ጋጋሪዋ እናቴ ሆነች። እሱ መሸጫው መስኮት ጋ ወንበር ተደርጎለት ከገዢ ጋር እየተጫወተ ጥቂት ዓመታት ኖረ፤ ከዚያ አረፈ። ይህን የምናገረው እናቴ የጠበቀችው ሁሉ እንደተመኘችው ሆነ ብሎ የሚያስብ እንዳይኖር ነው። እሷን ስለዚህ ስጠይቃት፣ «አልጥልሽም አለ እንጂ አትቸገሪም አላለኝም» ነው ያለችኝ። «ጣለኝ? አልጣለኝም።»

የመጀመሪያው ዳቦ የወጣ ቀን አባቴ ገና ለመንገደኛው ሳይሸጥ አንዱን አስመጣና ቆርሶ አሸተተው። እኔ ጆሮው ስር ሄጄ ምስጢሬን ነገርኩት። ምድጃው ውስጥ የእግዚአብሔርን እጅ እንዳየሁ፣ ልኳም የእኔን ያህል እንደሆነች።

ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ እስኪለቀው ጠበቅሁት። ከዚያ ያንን ግዙፍ፣ በቃጠሎ ጠባሳ የተሞላ እጁን ከፊቴ ዘረጋው።

«እሷ ይህቺ ነበረች» አለኝ። «አንድ ክረምት ተሰነጠቀብንና ከቤቱ ትንሹ እኔ ስለነበርኩ አባቴ አስገባኝ። እያለቀስኩ ነው የደፈንኩት። ስጨርስ እጅህን አትም አለኝ፤ ነገ ደግሞ ሌላው ሲፈራ ያያታል ብሎ።»

ያኔ ትንሽ አዘንኩ። የእግዚአብሔር እጅ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ዛሬ ግን ነገሩን ሳስበው ያን ያህል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። እናቴ ያን ቀን ለምን እንደሳቀችም የገባኝ ቆይቶ ነው፤ አበቃልን ያለችው ምድጃ ከዚህ በፊት ከዚህ በባሰ ተሰንጥቆ፣ በልጅ እጅ ተደፍኖ፣ አባቴን ካገባች ጀምሮ ያበላት የነበረው ያው ምድጃ እንደሆነ ያወቀችው በዚያች ደቂቃ ነው።

አሁን በክረምት ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ ትንሿን እሳት የማነደው። ተንበርክኬ መዝጊያውን እከፍታለሁ፣ ጭንቅላቴን ወደ አፉ አስጠጋለሁ፣ የምለው ካለኝ እላለሁ። ብዙ ቀን ከትናንቱ የተለየ የለኝም። ከዚያ ወዲህ ስንጥቅ አልመጣም፤ እኔም አድጌ በአፉ መግባት አልችልም። እነዚያን ሁለት እጆች ከእኔ በቀር ያየ ሰው የለም። ባትሪ አስገብቼ ብሞክር እንኳ ያሉት በስተኋላ፣ ግድግዳው በሚታጠፍበት በኩል ስለሆነ ከውጭ አይታዩም።

ግን እዚያ ናቸው።